ወረቀቱ ሲነሣ፣ እንጨቱ ሲነጣ

የክረምቱ ዝናብ አባርቶ ፀሐይ መውጣት ስትጀምር የከተማችን ቤቶች ቀለም ቀለም መሽተት ይጀምራሉ። በጥር የሚደግስ፣ ለገና ከውጭ የሚመጣ እንግዳ የሚጠብቅ፣ ወይም ዝም ብሎ የሳሎኑ ነገር የሰለቸው ሁሉ ዓይኑን ወደ ግድግዳው ያነሣል። ብዙዎቻችን እዚያ የምናገኘው ከጥቂት ዓመታት በፊት በደስታ ያስለጠፍነውን የግድግዳ ወረቀት ነው። ያን ጊዜ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ያለው ግድግዳ ጡብ መስሎ፣ መኝታ ቤቱ አበባ ለብሶ፣ የገባ እንግዳ ሁሉ «ከየት ገዛችሁት?» ይል ነበር። ዛሬ ጠርዙ ተነሥቷል፤ መጋጠሚያው ተከፍቷል፤ የልጆች እጅ የሚደርስበት ደግሞ ተልጦ ሊያልቅ ምንም አልቀረው።

ከዚያው ግድግዳ ፊት ጥቁር ቡናማ ቫርኒሽ የጠጣው ቡፌ ቆሟል። ክፍሉ ነጣ ካለ ይህ ቡፌ ምን ሊሆን ነው? «እሱንም ነጭ እናድርገዋ!» የሚል ሰው ከቤተሰቡ መካከል አይጠፋም። «የእኔን ቡፌ ማንም አይነካውም!» የሚሉ እናትም እንዲሁ አይጠፉም።

የግድግዳውና የእንጨቱ ሥራ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ይመስላሉ እንጂ ምስጢራቸው አንድ ነው። አዲስ ቀለም የሚጸናው ከሥሩ ያለው ነገር የጸናውን ያህል ብቻ ነው። ከሥሩ የቀረ ሙጫ፣ እርጥበት፣ ቅባት ወይም አሮጌ ቫርኒሽ ካለ፣ ምርጥ የተባለውን ቀለም ገዝተው ቢቀቡትም ወራት ሳይቆይ ይሰነጠቃል፤ ይላጣል። ከዚህም የሚከፋ አለ፤ አሮጌ ቀለም ሲፋቅ የሚነሣው አቧራ የልጆችን ጤና ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ በዚህ ወር ስለ ቀለም ምርጫ ሳይሆን ቀለሙ ከመከፈቱ በፊት ስላለው ሥራ እናውራ።

መጀመሪያ ወረቀቱን ይወቁት

ግድግዳ ላይ ወረቀት መለጠፍ ለእኛ አገር እንግዳ አይደለም። በጭቃ ቤት ግድግዳ ላይ ጋዜጣና የመጽሔት ገጽ በዱቄት ሙጫ እየተለጠፈ ቤት ሲያምር የኖረ ነው። አሁን በየሱቁ የሚሸጠው ግን በዓይነቱ ይለያያል፤ አነሣሡም እንደ ዓይነቱ ነው።

አንደኛው ቪኒል ነው። ላዩ ፕላስቲክ፣ ጀርባው ወረቀት ሲሆን በውኃ ተበጥብጦ በሚዘጋጅ ሙጫ ይለጠፋል። ላዩ ውኃ አያስገባም። ሁለተኛው ጨርቅ ጨርቅ የሚለው፣ ሲጎተት በቀላሉ የማይበጣጠሰው ነው። ሦስተኛው ሙጫውን ጀርባው ላይ ይዞ የሚመጣው ነው፤ ጡብ ወይም ድንጋይ የሚመስለው ወፍራም ፎም ከዚህ ይመደባል።

የእርስዎ የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ሶፋው ወይም ቁም ሳጥኑ የሚሸፍነውን ጥግ ይምረጡና መዳፍ የሚያህል ቦታ በስፓቱላ አንሥተው ቀስ ብለው ይጎትቱ። ሙሉውን በአንድ ላይ ከመጣ ዕድለኛ ነዎት። ላዩ ተልጦ ስስ ወረቀት ግድግዳው ላይ ከቀረ ቪኒል ነው፤ የቀረውን በውኃ ያነሡታል። ወረቀቱ ነጭ ዱቄት ወይም የጂፕሰም ቅርፊት ይዞ ከመጣ ግን እዚያው ላይ ይቁሙ። ግድግዳው ከሥሩ ደካማ ነው ማለት ነው፤ ሥራው ከመላጥ አልፎ ጂፕሰም እንደገና እስከመለሰን ሊደርስ ስለሚችል ወጪውን አስቀድመው ያስሉ።

ተከራይ ከሆኑ ደግሞ ከዚህ ሁሉ በፊት አከራይዎን ያነጋግሩ። ወረቀቱ ሲነሣ ለሚታየው ግድግዳ ኃላፊው ማን እንደሆነ፣ ቀለሙን ማን እንደሚገዛ አስቀድሞ መነጋገር ከኋላ ጭቅጭቅ ያድናል።

መላጥ

የክፍሉን ዕቃ ወደ መሐል ሰብስበው በላስቲክ ይሸፍኑ። ወለሉ ላይ አሮጌ አንሶላ ያንጥፉ፤ ላስቲክ ብቻ ከሆነ ውኃ ሲፈስበት ያንሸራትታል። በመቀጠል የክፍሉን ኤሌክትሪክ ከብሬከሩ ያጥፉ። ማብሪያ ማጥፊያና ሶኬት ባለበት ግድግዳ ላይ ውኃ ስለምንረጭ ይህ ለነገ የሚባል ጥንቃቄ አይደለም። ሥራውን በቀን ብርሃን ይሥሩት።

ቪኒሉን ከላይ ወደ ታች እየጎተቱ በደረቁ ይላጡ። ከሥሩ ለቀረው ወረቀት ሙቅ ውኃ ላይ ትንሽ ፈሳሽ ሳሙና ጠብ አድርገው በመርጫ ወይም በስፖንጅ ያርሱት። ከዚያ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይጠብቁ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ውኃው ሥራውን ሳይጨርስ በስፓቱላ መቧጠጥ ይጀምራል። ወረቀቱ በደንብ ሲርስ በራሱ ይለቃል። ካልለቀቀ ደግመው ያርሱት። ስፓቱላውን ወደ ግድግዳው አስተኝተው ይግፉት፤ ካቆሙት ግድግዳውን ይጭረዋል።

ነገር ግን የብዙ ቤቶች የውስጥ ግድግዳ የመጨረሻ ልባስ ጂፕሰም መሆኑን አይርሱ። ጂፕሰም ውኃ ሲበዛበት ይለሰልሳል። ስለዚህ ግድግዳውን በአንድ ጊዜ ሙሉ በሙሉ ከማራስ ሁለት ክንድ በሁለት ክንድ እየከፈሉ መሥራት ይሻላል፤ አንዱን አርሰው፣ ልጠው፣ ጠርገው ወደ ሚቀጥለው ይለፉ።

ፎሙንና ራሱ የሚለጠፈውን በውኃ አይታገሉት። በፀጉር ማድረቂያ ሞቅ እያደረጉ ከጥጉ ጀምረው በዝግታ ይሳቡት። ሙቀቱ ሙጫውን ያለሰልሰዋል። ግድግዳው ላይ የሚቀረውን የሚጣበቅ ነገር ለማጽዳት አንዳንዶች ቲነር ይጠቀማሉ። ቲነር የሚጠቀሙ ከሆነ መስኮቱን ይክፈቱ፤ በቤቱ ውስጥ ከሰልም ሆነ ምድጃ እንዳይነድ ያድርጉ፤ ልጆችንም ያርቁ። የቲነር ትነት በቀላሉ እሳት ይይዛል። በነገራችን ላይ ፎሙ ራሱ እሳት ሲያገኘው ፈጥኖ ስለሚነድ፣ ወጥ ቤት ውስጥ ከምድጃ አጠገብ ያለ ካለ ሌላው ቢቀር እሱን ቀድመው ያንሡት።

የማይታየው ሙጫ

ወረቀቱ ተነሥቶ ግድግዳው ንጹሕ ሲመስል «በቃ፣ ይቀባ» የሚል ፈተና ይመጣል። ብዙ ቤት የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ሙጫው እንደ ስስ ቆዳ ግድግዳው ላይ ቀርቷል። የፕላስቲክ ቀለም ውኃ ሲነካው ያብጣል፤ ሲደርቅ ይኮማተራል። ላዩ ያለውንም ቀለም አብሮ ይጎትተዋል። ቀለሙ እንደ በጋ ማሳ የሚሰነጣጠቀው ለዚህ ነው።

መኖሩን የሚያውቁበት ቀላል ዘዴ አለ። ግድግዳውን በእርጥብ ጣት ያሹት። ካሟለጨዎት ሙጫ አለ። ሌላም ዘዴ አለ፤ ከፋርማሲ የሚገዛ አዮዲን በውኃ አቅጥነው አንድ ጠብታ ያድርጉበት። ወደ ጥቁር ሰማያዊ ከተለወጠ ከስታርች የተሠራ ሙጫ ቀርቷል ማለት ነው። ሁሉም ሙጫ ከስታርች ስለማይሠራ ቀለሙ ባይለወጥም የጣቱን ፈተና አይተዉ።

ማጽጃው ለብ ያለ ውኃ፣ ስፖንጅና ትዕግሥት ነው። ሁለት ባልዲ ይያዙ፤ በአንዱ ስፖንጁን ያጥቡ፣ በሌላው ንጹሕ ውኃ ይንከሩ። ውኃው ሲደፈርስ ይለውጡት፤ አለበለዚያ ሙጫውን ከአንዱ ቦታ ወደ ሌላው እያዞሩ መቀባት ይሆናል። ጣትዎ ማሟለጩን እስኪተው ድረስ ይድገሙት።

ወረቀቱ የደበቀው እርጥበት

ወረቀት ውበት ብቻ ሳይሆን መሸፈኛም ነው። ሲነሣ ጥቁር ሻጋታ፣ ቢጫ የውኃ ምልክት፣ ወይም ነጭ ጨው የመሰለ ነገር ካገኙ ከቀለም በፊት ምንጩን ይፈልጉ። ከመታጠቢያ ቤት ጋር የሚጋራ ግድግዳ ከሆነ ቧንቧ ሊሆን ይችላል። ከኮርኒስ አጠገብ ከሆነ ጣሪያ ወይም ከላይ ያለው ጎረቤት ወለል ይጠረጠራል። የውጭ ግድግዳ ከሆነ በክረምት ዝናብ የሚመታው ጎን ነው። ምንጩ ሳይዘጋ የሚቀባ ቀለም ብሩን ውኃ ውስጥ እንደ መጣል ነው።

ግድግዳው መድረቁን ለማወቅ ክንድ በክንድ የሚሆን ላስቲክ አራቱንም ጠርዝ በፕላስተር አጣብቀው ለአንድ ቀን ይተዉት። በማግሥቱ ላስቲኩ ከውስጥ ላብ ካወጣ ገና ነው። በደረቅ ወራት መስኮት ተከፍቶ ሁለት ሦስት ቀን ብዙ ጊዜ ይበቃል። በሲሚንቶ የተለሰነ አዲስ ቦታ ካለ ግን አንድ ወር ያህል መቆየት አለበት።

ሻጋታውን በበረኪና ሲያጸዱ በውኃ ያቅጥኑት፤ ጓንት ያድርጉ፤ መስኮት ይክፈቱ። በረኪናን ከኮምጣጤ፣ ከሽንት ቤት ማጽጃ አሲድ ወይም አሞኒያ ካለበት ማጽጃ ጋር በፍጹም አይቀላቅሉ። የሚወጣው ጋዝ መርዝ ነው።

ስቱኮ፣ ፕራይመር፣ ከዚያ ቀለም

ስንጥቁንና የምስማር ቀዳዳውን በስቱኮ ይድፈኑ። ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሰው አቧራውን በእርጥብ ጨርቅ ይጥረጉ። አምፖል ወይም የስልክዎን መብራት ከግድግዳው ጎን አስጠግተው ቢያበሩ እጅ ያልደረሰበት እብጠትና ጉድጓድ ሁሉ ጥላው ይታያል። አሁን ያላዩት ጉድለት ቀለም ከተቀባ በኋላ ሁልጊዜ ይታያል።

ቀጥሎ ፕራይመር ነው። የተላጠ ግድግዳ አንዱ ቦታ ይጠጣል፣ ሌላው አይጠጣም፤ ፕራይመሩ ያስተካክለዋል። የውኃ ምልክት ወይም ከወረቀቱ የቀረ የቀለም ንክር ካለ በዘይት የሚሠራ ፕራይመር ይምረጡ። በውኃ የሚሠራው ምልክቱን ስቦ ወደ ላይ ያወጣዋል።

ስንት ቀለም ይበቃል? ስሌቱ ቀላል ነው። 4 ሜትር በ3.5 ሜትር የሆነ ክፍል ዙሪያው 15 ሜትር ነው። ቁመቱ 2.7 ሜትር ከሆነ 15 በ2.7 ሲባዛ 40.5 ካሬ ሜትር ይሆናል። ለአንድ በርና ለአንድ መስኮት 3.5 ካሬ ያህል ቢቀነስ 37 ካሬ ይቀራል። ሁለት ጊዜ ሲቀባ 74 ካሬ ማለት ነው። አንድ ሊትር የፕላስቲክ ቀለም በአንድ ቅብ ከ8 እስከ 12 ካሬ ሜትር ይሸፍናል፤ በ10 ብናስበው 7.4 ሊትር ያስፈልጋል። ስለዚህ 8 ሊትር ይበቃል። ቀለም ቀቢው ከዚህ እጥፍ ካዘዘዎት ምክንያቱን ይጠይቁት። ሁሉንም ጣሳ በአንድ ቀን ከአንድ ሱቅ ይግዙ፤ በተለያየ ቀን የተበጠበጠ ቀለም ጥቂትም ቢሆን ሊለያይ ይችላል።

ከቀለም ቀቢው ጋር

ሥራውን ለባለሙያ የሚሰጡ ከሆነ ስምምነቱን ከዝግጅቱ ይጀምሩ። የእጅ ዋጋው ወረቀት መላጥን፣ ሙጫ ማጠብን፣ ስቱኮንና ፕራይመርን ይጨምራል ወይስ መቀባት ብቻ ነው? ስንት ቅብ? ዕቃውን የሚገዛው ማን ነው? እነዚህን በጽሑፍ ማስፈር ለሁለታችሁም ይጠቅማል። ለመላጥና ለማጠብ በቂ የቀን ሒሳብ ይክፈሉ። ዝግጅቱ ያልተከፈለበት ሠራተኛ ዝግጅቱን ቢዘለው አይገርምም።

«ወረቀቱ ላይ ልቀባው፣ ምንም አይሆንም» ቢልዎ ግን በትሕትና እምቢ ይበሉ። የቀለሙ ውኃ ከሥር ያለውን ሙጫ ያርሰዋል፤ ወረቀቱ ይነፋል፤ መጋጠሚያው ይታያል፤ ቪኒል ደግሞ ቀለም አይዝም። ከዓመት በኋላ የሚላጠው ወረቀትና ቀለም አንድ ላይ ይሆንና ሥራው እጥፍ ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው ነው፤ ሠርጉ ሦስት ቀን ሲቀረው የሚቀባ ቤት ሠርጉን እንጂ ዓመቱን አያይም።

ልጅ ባለበት ቤት ስለ አቧራው

አሁን ወደ በሩ፣ ወደ መስኮቱና ወደ እንጨቱ እንምጣ። እዚህ ከውበት የሚቀድም ነገር አለ። በዘይት የሚሠሩ አሮጌ ቀለሞች፣ በተለይም ደማቅ ቢጫ፣ ብርቱካናማና ቀይ፣ ብዙ ጊዜ ሊድ ወይም በአማርኛው እርሳስ የሚባለው ብረት ይጨመርባቸው ነበር። አገራችን ቀለም ውስጥ የሚገኘው ሊድ ከሚሊዮን 90 እጅ እንዳይበልጥ የሚያደርግ ደንብ ያወጣችው በ2018 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት የተቀባ በርና መስኮት ግን አሁንም በየቤታችን አለ።

ቀለሙ ሳይላጥና ሳይፋቅ እስካለ ድረስ አደጋው ትንሽ ነው። በደረቁ ስንፍቀው ግን ደቂቅ አቧራ ይሆናል። ወለል ላይ ይተኛል፤ የሚድህ ሕፃን እጅ ላይ ይሄዳል፤ ከእጁ ወደ አፉ ይገባል። የዓለም ጤና ድርጅት ጉዳት የማያስከትል ተብሎ የሚታወቅ የሊድ መጠን የለም ይላል። ትንንሽ ልጆች ከዋጡት ሊድ ውስጥ ሰውነታቸው የሚወስደው ከአዋቂ ከአራት እስከ አምስት እጥፍ ይሆናል። ጉዳቱ በአእምሮ እድገትና በመማር ችሎታ ላይ ነው፤ ለእርጉዝ ሴትና ለጽንሱም አደጋ አለው። ሕመሙ ወዲያው ስለማይታይ ማንም ከቀለሙ ጋር አያገናኘውም።

ስለዚህ አሮጌ የዘይት ቀለም ሁሉ ሊድ እንዳለበት ቆጥረው ይሥሩ። ልጆችንና እርጉዝ ሴትን በሥራው ቀናት ዘመድ ቤት ይስደዱ። በደረቁ አይፈቅፍቁ፤ ውኃ የሚችል የብርጭቆ ወረቀት ገዝተው እያረሱ ይፈግፍጉ። ቀለሙን በእሳት ወይም በጋዝ ነበልባል አያቃጥሉ፤ ትነቱ ከአቧራው አይሻልም። ደቂቅ አቧራ የሚያግድ ማስክ ያድርጉ፤ ተራው የጨርቅ ማስክ አያግደውም። ሲጨርሱ በመጥረጊያ አይጥረጉ፤ በእርጥብ ጨርቅ ይወልውሉ። የሥራ ልብስዎን ከልጆች ልብስ ለይተው ይጠቡ። ቀለም ቀቢውም የልጆች አባት ሊሆን ይችላልና ለእሱም ማስክ ይግዙለት።

እንጨቱን ማንጣት

እንጨት የሚነጣው በሁለት መንገድ ነው። አንዱ ሙሉ በሙሉ በነጭ ቀለም መሸፈን ነው። ሌላው በስሱ አንጥቶ የእንጨቱ መስመር እንዲታይ ማድረግ ነው። በስሱ ማንጣት የሚያምረው በእውነተኛ እንጨት ላይ ብቻ ነው። ቺፕውድና ኤምዲኤፍ የሚያሳዩት የራሳቸው መስመር ስለሌላቸው መሸፈኑ ይሻላቸዋል። ላያቸው የሚያንሸራትት ፕላስቲክ ከሆነ ደግሞ በቀስታ ፈግፍገው፣ በደንብ የሚይዝ ፕራይመር ካልቀቡ ቀለሙ በጥፍር ይነሣል። «ነጭ ማድረግ» ሲባል ኖራ ያሰበ ካለም ይተወው፤ ኖራ የግድግዳ ነው፤ እንጨት ላይ ይረግፋል።

ቀድሞ የተቀባ እንጨት ከሆነ አሮጌው ቀለም ምን እንደሆነ ይለዩ። ጥጥ በአልኮል ነክረው ያሹት። ቀለሙ ጥጡ ላይ ከመጣ የፕላስቲክ ነው፤ ካልመጣ የዘይት ነው። በሚያብረቀርቅ የዘይት ቀለም ላይ የፕላስቲክ ቀለም በቀጥታ ከተቀባ እንደ ቆዳ ይገፈፋል።

በስሱ ለማንጣት እንዲህ ያድርጉ። እጀታና ማጠፊያውን ይፍቱ። እንጨቱን በሳሙና ውኃ አጥበው ያድርቁ፤ ወጥ ቤት አካባቢ የኖረ ዕቃ የቅባት ጢስ ይጠጣልና ይህን አይዝለሉ። ቫርኒሹን በ120 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት ፍቀው ያንሡ፤ በ180 ወይም በ220 ያለስልሱ። ሁልጊዜ የእንጨቱን መስመር ተከትለው ይፈግፍጉ፤ አግድም የተጫረ ጭረት ከነጩ ሥር ቁልጭ ብሎ ይታያል። አቧራውን ይጥረጉ። ከዚያ ነጭ የፕላስቲክ ቀለም በእኩል ውኃ ያቅጥኑ፤ በብሩሽ መስመሩን ተከትለው ትንሽ ቦታ ይቀቡ፤ አንድ ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ በንጹሕ የጥጥ ጨርቅ ይጥረጉት። ቀለሙ በእንጨቱ ጎድጓዳ መስመር ውስጥ ይቀራል። ይበልጥ እንዲነጣ ከፈለጉ ሲደርቅ ይድገሙት። በመጨረሻ በውኃ የሚሠራ፣ ቀለም የሌለው ቫርኒሽ ይቀቡ። የዘይት ቫርኒሽ ነጩን እየቆየ ወደ ቢጫ ይለውጠዋል።

እንጨቱም ዓይነቱ ይወስናል። ዝግባ ፈዘዝ ያለ ስለሆነ ነጩን በቀላሉ ይቀበላል። ጥድ ቀላ ያለና ቅባት ያለው ነው፤ ጉጡ ላይ ቢጫ እድፍ ያወጣል። ዋንዛም ቡናማ ቀለሙን ወደ ነጩ ሊያሳልፍ ይችላል። ለእነዚህ አስቀድሞ ሼላክ መቀባት እድፉን ያግዳል። የትኛውንም ቢሆን መጀመሪያ በመሳቢያው ጀርባ ወይም ከበሩ ውስጥ ይሞክሩት፤ ደርቆ በማግሥቱ በቀን ብርሃን ይዩት።

ቡፌው የማን ነው?

ይህ ጥያቄ የቀለም ባይመስልም ከሁሉ ቀድሞ መመለስ ያለበት እሱ ነው። እናትዎ ጎጆ ሲወጡ የተገዛ የዋንዛ ቡፌ ከሆነ ዛሬ መሰሉን ማግኘት ቀላል አይደለም። በ1994 እ.ኤ.አ. የወጣው የደን አዋጅ ዋንዛን፣ ዝግባን፣ ጥድንና ኮሶን ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጡ የከለከለው ዛፎቹ እየጠፉ ስለነበር ነው። አንዴ የነጣ ዋንዛ ደግሞ ወደ ቀድሞው የሚመለሰው በብዙ ፍቂያ ነው፤ በመስመሮቹ ውስጥ የገባው ነጭ ሙሉ በሙሉ አይወጣም።

ስለዚህ እናትዎን ያስፈቅዱ። እሺ ካላሉ መካከለኛ መንገድ አለ። አሮጌውን ጥቁር ቫርኒሽ ብቻ አንሥተው ቀለም የሌለው ቫርኒሽ ይቀቡት። ለዓመታት ከቫርኒሹ ሥር የተደበቀው የዋንዛ ወርቃማ ቡናማ ብቅ ይላል። ከነጣ ግድግዳ ጋርም ያምራል። ነጭ የመቀባት ጉጉትዎን በቺፕውዱ የቴሌቪዥን ማስቀመጫ ላይ ይወጡት፤ ቢበላሽ የሚያዝን የለም።

የሥራው ቅደም ተከተል

ለአንድ ክፍል ሁለት ቅዳሜና እሑድ ይመድቡ። በመጀመሪያው ቅዳሜ ይላጡ፤ እሑድ ሙጫውን ይጠቡ። የሳምንቱን ቀናት መስኮት ከፍተው ለመድረቅ ይተዉት፤ የላስቲኩን ፈተና በእነዚህ ቀናት ያድርጉ። በመካከሉ አንድ ምሽት ስቱኮውን ይጨርሱ። የእንጨቱን ፍቂያ ከግድግዳው ቅብ ያስቀድሙ፤ አቧራው ያልደረቀ ቀለም ላይ እንዳያርፍ። በሁለተኛው ቅዳሜ ፕራይመርና የመጀመሪያው ቅብ፣ እሑድ ሁለተኛው ቅብ ይሆናል። ኮርኒሱ የሚቀባ ከሆነ ከግድግዳው ይቅደም፤ በርና ዞኮሎው መጨረሻ ነው። ልጆቹ ወደ ክፍሉ የሚመለሱት ወለሉ ሁለት ጊዜ በእርጥብ ጨርቅ ተወልውሎ ሽታው ከወጣ በኋላ ይሁን።

የተረፈውን ቀለም አይጣሉት። ክዳን ባለው ትንሽ የብርጭቆ ዕቃ ገልብጠው የቀለሙን ቁጥር፣ የክፍሉን ስምና የተቀባበትን ቀን ይጻፉበት፤ ልጆች በማይደርሱበት ቦታም ያስቀምጡት። በሚቀጥለው ዓመት አንዱ ልጅ ግድግዳው ላይ በእስክሪብቶ ፀሐይ ሲሥል በሩብ ሰዓት ይመልሱታል።